በዕጣ የወጡት ታብሌቶች

እኔ ስለ ራሴ ማውራት አልወድም። ሌላ ሰው ግን እንደሚገባ ስለማያወራልኝ፣ ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት ማንነቴን ባጭሩ ላስቀምጥ። ኋላ «ይህ ሽማግሌ ደግሞ ማን ነው?» እያላችሁ እንዳትቸገሩ።

የመካነ ሰላም ሰው ነኝ። ፊደል ያስቆጠረኝ የኔታ የለም፣ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ያቆመኝ መምህር የለም፣ ማንም ተነሥቶ «ይህን ሰው እኔ ነኝ ያስተማርኩት» ብሎ ሊኮራብኝ አይችልም። ፊደልን የለየሁት ከስኳር ጆንያ፣ ከጭነት መኪና ግንባርና ከመድኃኒት ካርቶን ላይ ነው። «ስ»ን ከጆንያው በቀላሉ አገኘኋት፤ «ኳ» ግን አንድ ክረምት ሙሉ አሠቃየችኝ። ዛሬ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ጋዜጣ አነባለሁ፣ ሬዲዮ እጠግናለሁ። የጠገንኩት ሬዲዮ ሁሉ ይናገራል አላልኩም። ዝም ካለ ግን ጥፋቱ የሬዲዮው ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ስሜ የሚነሣው በቅርጫ ነው። በሬ በጋራ ተገዝቶ ሲታረድ ሥጋውን እኩል እኩል የሚመድብ ሰው ሲፈለግ እኔ እጠራለሁ። ሙስሊሞቹ ሲያርዱ እንኳ፣ ሥጋውን ባልነካም፣ ከዳር ቆሜ በከዘራዬ እየጠቆምኩ «ከዚያኛው ጎድን ወደዚህኛው» እላለሁ፤ ይሰሙኛል። በወሎ ቢላዋው ይለያይ እንጂ ዕጣው አንድ ነው። ሥርዓቱም የታወቀ ነው፦ እያንዳንዱ ባለድርሻ ምልክት ይሰጣል፤ ጠጠር ይሁን፣ ስንጥር ይሁን፣ የሸሚዝ ቁልፍ ይሁን። ከነገሩ ውጭ የሆነ አላፊ አግዳሚ ተጠርቶ ምልክቶቹን በየመደቡ ላይ ይጥላል። ምልክትህ ያረፈበት መደብ ያንተ ነው፤ አንሥተህ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ። ከዚያ በኋላ አነሰኝ፣ አጥንት በዛብኝ ብሎ ነገር የለም። ዕጣ ከወጣ በኋላ የሚከራከር ሰው በሚቀጥለው ፋሲካ በሬ የሚካፈለው አያገኝም።

እንግዲህ ይህን ያህል ሰው ነኝ። አሁን ወደ ታብሌቶቹ።

የከተማችን ቤተ መጻሕፍት ለሕፃናት የተለየች ክፍል አለችው። ቅዳሜ ቅዳሜ ትምህርት ቤት ያልገቡ ልጆች ይመጣሉ፤ እኔ ተረት እነግራቸዋለሁ፣ ሰዓዳ ፊደል ታስቆጥራቸዋለች። ሰዓዳ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ናት፤ ወጣት፣ ትሑት፣ ከመጠን በላይ ጠንቃቃ። አንድ ቀን አንድ ድርጅት አራት ታብሌቶች ሰጠን። ታብሌቷ ፊደል ታሳያለች፤ ልጁ በጣቱ ይነካታል፤ ድምጿን ታሰማዋለች፤ በጣቱ እንዲጽፋትም ትጠይቀዋለች። ሲያገኝ «ጎበዝ» ትለዋለች፣ በግም ብቅ ብላ ትጨፍርለታለች።

እኔ በተፈጥሮዬ ማሽን አያስፈራኝምና ማንም ሳይጋብዘኝ ሞከርኳት። «ለ»ን ጻፍ አለችኝ፤ ጻፍኩላት። የኔ «ለ» ከእግሯ ተነሥታ ወደ ራሷ ትወጣለች፤ ዛፍም የሚበቅለው እንዲያ ነው። ታብሌቷ «እንደገና ሞክር» አለችኝ። ደግሜ ጻፍኩ። «እንደገና ሞክር።» ስሕተቱን እንኳ ልለፈው፣ በዚህ ዕድሜዬ ማን ነው «ሞክር» የሚለኝ? አንቱ ማለት ምን ይከብዳል? ሰዓዳ ለሕፃናት ስለተሠራች ነው ብላ ልታባብለኝ ሞከረች። እኔም ታብሌቷን ገልብጬ አስቀመጥኳትና ለቀናት አኮረፍኳት።

ነገሩ የተነሣው ልክ ከታብሌቷ ጋር በታረቅንበት ሰሞን ነው። ታብሌቶቹን የሰጠው ድርጅት ሰዎች ከደሴ ሊጎበኙን ቅዳሜ እንደሚመጡ ተነገረ። ልጆቹ በደንብ ከተጠቀሙባቸው ይቆያሉ፤ ካልሆነ ለሌላ ከተማ ይሰጣሉ። በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ሰዓዳ ድንገት ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ተጠራች። ቁልፉን እየሰጠችኝ እንዲህ አለች፦

«ጋሼ፣ እንግዶቹ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ይገባሉ። ፈርሜ የተረከብኩት እኔ ነኝ። አንዷ ብትጎድል ሁሉንም ጭነው ይሄዳሉ፤ እኔንም የሚያቆየኝ የለም፣ በኮንትራት ነው ያለሁት። አደራዎን።»

እኔ እያለሁ ምን ይጎድላል ብዬ አሰናበትኳት።

እሷ እስካለች ድረስ ልጆቹ በእጇ ጭብጨባ ተራ ይጠብቃሉ። ከበሩ ስትወጣ ግን ክፍሉ የንብ ቀፎ ሆነ። አንዱ ታብሌቷን ይጎትታል፣ አንዷ የጎታቹን ጆሮ ትጎትታለች፤ ተረት ልጀምር ብል የሚሰማኝ ጠፋ። ከውጭ ተቀምጠው የሚጠብቁት አያቶችም ጩኸቱን ሰምተው ገቡና ነገሩን አባሱት። ሁሉም የየራሱን የልጅ ልጅ ተበደለ ይላል። የላይ ሠፈሯ እመት ዘይነባ «የኔ ልጅ እስካሁን አንዲት ፊደል አልነካም» አሉ። ልብስ ሰፊው ይመር የታች ሠፈር ልጆች ሁልጊዜ መጨረሻ ናቸው አለ። ከከተማው ዳር የመጣው አያ አሊ ደግሞ አንዷን ታብሌት ከላይ በትልቅ መዳፉ ሸፈናት።

ዓለም ሲናወጥ ወደሚያውቁት መሸሽ ነው። «በዕጣ!» አልኩ።

ክፍሉ ወዲያው ጸጥ አለ። ልጆቹን በየሠፈራቸው ለአራት መደብኩ፤ ለየምድቡ አንድ ሽማግሌ ሰየምኩ፤ የኛን ሠፈር እኔው ወከልኩ። አራቱን ታብሌቶች ምንጣፍ ላይ ዘረጋሁ። ይመር ቁልፍ ሰጠ፣ እመት ዘይነባ የተምር ፍሬ፣ አያ አሊ ከዱላው የላጠውን ስንጥር፣ እኔ የእርሳስ ቁራጭ። ከደጅ ቆሎ የምትሸጠውን ጦይባን ጠራኋት። ከዓረብ አገር ከተመለሰች ገና ነው፣ ሠፈርተኛ አይደለችም፣ ዘመድ የላትም፤ ከርሷ የተሻለ ዕጣ ጣይ ከየት ይገኛል? እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ምልክቶቹን ጣለች። ሁሉም ረካ። እመት ዘይነባ መረቁኝ። እንዲህ ያለ ሰላም በዚያ ክፍል ታይቶ አያውቅም።

ከዚያ ሁሉም የደረሰውን አንሥቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

ይህን መጻፍ ዛሬ ይከብደኛል። ያን ጊዜ ግን ምንም አልመሰለኝም። ዕጣ ሲወጣ መደብ ይነሣል፤ ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት ይህንኑ ነው። እያንዳንዱ ሽማግሌ ታብሌቷን ታቅፎ፣ የሠፈሩ ልጆች እንደ ሠርገኛ ተከትለውት ወጣ። የኛን ድርሻ እንኳ ከገበያ ስትመለስ ጎራ ያለችው ባለቤቴ ጥሩዬ ተቀብላኝ፣ ዘንቢሏ ውስጥ ከሽንኩርቱ በላይ አጋድማ ልጆቹን እየነዳች ሄደች። እኔም ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ በራሴ ተደነቅሁ።

«የኔ ተራ መቼ ነው?» አለች አንዲት ድምፅ።

ዞር ስል አንዲት ትንሽ ልጅ ምንጣፉ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ሀያት ትባላለች፤ የቅዳሜዋ ነገረኛ። ከርሷ ወደ ምንጣፉ፣ ከምንጣፉ ወደ ባዶው መደርደሪያ ዓይኔ ተንቀሳቀሰ። አንዲት ታብሌት እንኳ አልቀረችም፤ ያደረግሁት ያን ጊዜ ገባኝ። መኪና በደጅ አለፈ፤ ከደሴ የመጣ መሰለኝና ተነሣሁ። የእህል ጭነት ነበር። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በመካነ ሰላም የሚያልፍ መኪና ሁሉ ከደሴ የሚመጣ ሆነብኝ።

ሀያት ደግማ ጠየቀችኝ። ቆይ ብያት በሩን እንደተከፈተ ትቼ ሮጥኩ። ሮጥኩ ስል፣ በኔ ዕድሜ ሩጫ ተብሎ የሚጠራውን አደረግሁ ማለቴ ነው።

ይመር ከሱቁ በረንዳ ላይ ነበር። ለታብሌቷ ቀይ ከፈይ ቆርጦ ልብስ እየሰፋላት፣ ልጆቹ ዙሪያውን ከበው ፊደል እየነኩ፣ እሱ በየመካከሉ በሜትሩ ወገቧን ይለካል። መልስልኝ አልኩት። መርፌውን ከአፉ አውጥቶ በሐዘን ተመለከተኝ። ዕጣ ከወጣ በኋላ መልስ የሚል ሰው ምን እንደሚባል ያስተማርከኝ አንተው ነህ አለኝ። እውነቱን ነው፤ አስተምሬዋለሁ። በጥሩ ሁኔታ ነበር ያስተማርኩት።

እመት ዘይነባ ቤት ስደርስ ደግሞ ታብሌቷ ከነጭራሹ አትታይም። ልጃቸው ከጅዳ በላከችላቸው ብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ሣጥን ውስጥ ቆልፈው፣ ሣጥኑ ላይ ተቀምጠዋል። ልጆቹ መሬት ላይ ተኮልኩለው ሣጥኑን ያያሉ። ማታ ልጃቸው ስትደውል፣ የተወችው ልጇ ፊደል ሲያነብ ሊያሳዩአት ነው። ሰዓዳ ከሥራ ትባረራለች አልኳቸው፤ አዘኑ። ታብሌቶቹ ከከተማው ይወሰዳሉ አልኳቸው፤ የባሰ አዘኑ። ከሣጥኑ ግን አልተነሡም።

«ስሙኝማ» አሉ። «ዕጣ የወደቀበት ነገር የኔ ሳይሆን የአላህ ውሳኔ ነው። ዕጣው ከፈረሰ አመጣለሁ። ዕጣ የሚፈርሰው ግን ስሕተት ሲገኝበት ነው። ይህን ዕጣ ያወጣው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ስሕተት አለበት?»

እዚህ ላይ ሁለት መንገድ ነበረኝ። አለበት ካልኩ የሕይወት ዘመን ስሜ ሊጠፋ ነው፤ የለበትም ካልኩ ሰዓዳ ልትጠፋ ነው። 

«የኔ ዕጣ ስሕተት የለበትም» አልኩ፣ ሳላስበው። አንደበት መቼም ከጌታው ይቀድማል።

«እንግዲያው በደህና ይሂዱ» አሉኝ፣ ሣጥኑ ላይ እየተደላደሉ።

ከዚያ የባሰው ገና ነበር። የአያ አሊን ሠፈር ልጆች መንገድ ላይ አገኘኋቸው፤ ያለቅሳሉ። ታብሌቷ የት አለች ስላቸው ወደ መናኸሪያው ጠቆሙኝ። አያ አሊ ወረኢሉ ላሉት አማቾቹ ሊያሳያት ሚኒባስ ተሳፍሯል።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ሚኒባሱ አንድ ሰው ብቻ ጎድሎት ሞተሩን አስነሥቶ ይናጣል። አያ አሊ መስኮት ሥር ተቀምጦ ታብሌቷን ጭኑ ላይ ዘርግቷል፤ አጠገቡ ያሉት መንገደኞች በየተራ ፊደል ይነካሉ፤ በጓ ስትጨፍር መኪናው በሙሉ ያጨበጭባል። በመስኮቱ ለመንኩት። እሱ ከመመለሱ በፊት መንገደኞቹ መለሱልኝ፤ አንዱ የዕጣ ሕግ ነገረኝ፣ ሌላዋ በዚህ ዕድሜዬ ከድሃ ገበሬ ድርሻ መንጠቄን ታዘበችኝ። ረዳቱ ደግሞ ክንዴን ይዞ ወደ በሩ ይጎትተኛል።

«አባ፣ ይግቡ፤ በርስዎ ሞላ።»

እኔ ከገባሁ መኪናው ይሄዳል። ካልገባሁ ሌላ ሰው ይገባል፣ አሁንም ይሄዳል። ይኸው ደግሞ አንዲት ሴትዮ ዶሮ አንጠልጥለው ወደ ሚኒባሱ ሲመጡ አየሁ። አላውቃቸውም፤ ቢሆንም መንገዳቸው ላይ ቆሜ ሰላምታ ጀመርኩ። በኛ አገር ሰላም ያለን ሰው አቋርጦ መሄድ ነውር ነው። ጤናቸውን ጠየቅሁ፣ ልጆቻቸውን፣ ከብቶቻቸውን፣ የዘንድሮውን አዝመራ፣ የጎረቤታቸውን ጤና። ሴትዮዋ ጨዋ ናቸው፤ ለሁሉም መለሱልኝ፣ የኔንም ጠየቁ። ረዳቱ ይጮኻል። ዶሮዋ ታየኛለች። ስለ ዶሮዋ ጤና ልጠይቅ አፌን ስከፍት የዙሁር አዛን ተሰማ።

ሚኒባሱ ጸጥ አለ፤ ሊሰግዱ የሚወርዱት ወረዱ። አያ አሊም ወረደ። ዙሪያውን ተመለከተ፤ ከረዳቱ ይልቅ እኔን መረጠ።

«አያ፣ ሰግጄ እስክመለስ ይያዙልኝ። አማና ናት፤ አደራዎን» አለና ታብሌቷን እጄ ላይ አኖራት።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ነፍሴን ሳወጣ የዋልኩባት ዕቃ በገዛ እጄ ላይ ናት፤ ባለድርሻው መስጊድ ነው፤ የቤተ መጻሕፍቱ መንገድ ከፊቴ ክፍት ነው። ሰዓቱም ደርሷል። እግሬ ሁለት ጊዜ ተነሣ፣ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። ዕጣ እንኳ ይፈርሳል፤ አማና በልቶ በወሎ ምድር የሚኖር ሰው ግን የለም። ታብሌቷን እንደ ታቦት አክብሬ ይዤ ፀሐይ ላይ ቆምኩ። ወደ ዋናው መንገድ አንዲት ነጭ መኪና አቧራ እያስነሣች ስትገባ አየሁ። ይቺ የእህል አይደለችም።

በዚህ መካከል ጦይባ ሀያትን በእጇ እየጎተተች ደረሰች። ልጅቷ ተራዬን ሳላገኝ አልወጣም ብላ ምንጣፉን ይዛ አስቸግራታለች።

«አባባ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ይቺን ልጅ አንዴ አስነኩልኝና ወደ ቆሎዬ ልመለስ።»

«የማን ልጅ ናት?»

«የኔ ናታ። የማን መሰለችዎት?»

«የኔ ተራ መቼ ነው?» አለች ሀያት።

 ሀያት እንደ ሌሎቹ ድርሻ እያላት በየትኛውም ሠፈር አልተመደበችም። ያም ይሁን፤ ዕጣውን የጣለችው ግን የገዛ እናቷ ናት። ዕጣ ጣይ ከነገሩ ውጭ መሆን አለበት፤ ባለድርሻ የጣለው ዕጣ ዕጣ አይደለም። ከሕፃንነታችን ጀምሮ የምናውቀው ሕግ ነው። እኔ ይህን አሰብኩ፤ ሌላ ሰው በመላው አውራጃ ይህን ሊያስብ አይችልም ነበር።

አያ አሊ ከመስጊድ ሲመለስ አማናውን በክብር አስረከብኩትና ነገሩን ነገርኩት። ጦይባን አያት፤ ልጅቷን አያት። ጺሙን ያዘ። «ፈርሷላ» አለ። ጫማውን አጥብቆ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ቀደመኝ። ረዳቱ የዶሮዋን ሴትዮ አስገብቶ፣ ሁለተኛ ሰው መጥራት ጀመረ።

«ዕጣው ፈርሷል!» የምትል ቃል በከተማው ውስጥ ከእኔ በፊት ደረሰች። ይመር ታብሌቷን ገና ባልተጠናቀቀ ቀይ ቀሚሷ ይዞ መጣ። እመት ዘይነባ ከነብርድ ልብሱ መጡ፤ «ስሕተት የለበትም» ማለቴን አስታውሰው በዓይናቸው ብቻ ቀጡኝ። የቀረችው የኛዋ ነበረች። ጥሩዬ ልጆቹን ቤት ሰብስባ፣ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ፊደል እያስቆጠረች አገኘኋት። ዕጣው ፈረሰ ብላት አላመነችኝም፤ የኔን ወሬ ሁልጊዜ በሁለተኛ ምስክር ነው የምታምነው። እስከ ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ ታብሌቷን ዘንቢሏ ውስጥ እንደያዘች ተከተለችኝ።

በሩ ላይ ነጯ መኪና ቆማለች። ሰዓዳ ከእንግዶቹ ጋር ቆማ፣ ፊቷ ላይ ደም የሚባል የለም። እንግዶቹ ያዩት ግን ሌላ ነገር ነው፦ ከአራት አቅጣጫ ሕፃናትና ሽማግሌዎች በሰልፍ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሲጎርፉ። ከመካከላቸው ወፍራሙ ሰውዬ ፎቶ ያነሣል፤ ምንድን ነው ዝግጅቱ ብሎ ይጠይቃል። ሰዓዳ አፏን ስትከፍት ቀደምኳት። የሕፃናቱን ተራ በአገሩ ሥርዓት በዕጣ እንደምናወጣ፣ ዕጣውን የሚጥለውም ከሩቅ የመጣ የክብር እንግዳ እንደሆነ አስረዳሁት።

ታብሌቶቹን ዘረጋሁ፤ ምልክቶቹን አስጨበጥኩት። ለሀያት ጦይባ አንዲት የቆሎ ፍሬ ሰጠች። ሰውዬው ምን እንደሚያደርግ ባያውቅም ጣለ። የኔ እርሳስና የሀያት ቆሎ አንዲቷ ላይ አረፉ። ማንም ከመጎንበሱ በፊት ከዘራዬን ዘረጋሁ።

«ይህ ድርሻ እዚሁ ይበላል» አልኩ። «ወደ ቤት የሚወሰድ አጥንት የለም።»

አያ አሊ አስቀድሞ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለ፤ ሌሎቹ ተከተሉት። ሀያት ቆሎዋን አንሥታ በላችና ጣቷን ሰደደች። እመት ዘይነባ ማታን መጠበቅ አልቻሉም፤ ስልካቸውን ደውለው የልጃቸውን ልጅ ፊት ላይ ደገኑበት። ልጁ «መ» ሲል፣ ከስልኩ ውስጥ የሴት ልቅሶና ሳቅ አንድ ላይ ተሰማ። ወፍራሙ ሰውዬ ፎቶ ማንሣቱን ተወ። ሲሄዱ ለሰዓዳ፣ ታብሌቶቹ እዚሁ ይቆያሉ አላት። ሰዓዳ ወንበሩን ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች። እኔን ለረጅም ጊዜ አየችኝ፤ ምስጋና የሚያንሳት መሆኑ ስለገባኝ ምንም እንዳትል በእጄ ምልክት ሰጠኋት።

እንግዲህ በዚያች ቅዳሜ ያከናወንኩትን፣ ሰው እንዳይረሳው፣ ላስቀምጠው፦

ሕፃናት በየቤቱ፣ በየሱቁና በሚኒባስ ውስጥ ፊደል እንዲማሩ አድርጌያለሁ። ይህን ድርጅቱ ራሱ አላሰበውም።

ወደ ወረኢሉ የሚሄድ መኪና በሰላምታ ብቻ አቁሜያለሁ።

አማና አልበላሁም።

የጦይባ ልጅ ተመዝግባለች፤ የማትነካውም ፊደል የለም።

ታብሌቶቹ ሁሉም አሉ። አንዷ ትንሽ ሽንኩርት ሽንኩርት ትሸታለች፤ አንዷ ቀይ ቀሚስ አላት።

የሰዓዳ ሥራ በቦታው ነው።

በመጨረሻም፣ ያገኘሁት እምነት። ሰዓዳ ከዚያ ቀን ወዲህ ለጉዳይ ስትወጣ፣ እኔን ከታብሌቶቹ ጋር ውስጥ ትታ፣ በሩን ከውጭ ቆልፋ ቁልፉን ይዛ ነው የምትሄደው። እንዲህ ያለ ጥበቃ በከተማችን ለባንክ እንኳ አይደረግም።